የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲባል ወዴት ልሂድ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚኖሩትም በተለያየ አገር ነው፤ የሚጠይቁት ግን ስለ መዳን፣ ስለ ቅድስናና ስለ ቅዳሴ ስለሆነ አንዱን መልሰን ሌላውን ማቆየት አልሆነልንም። ለመጀመሪያው የሰጠነው መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ይህን ጥያቄ አፍ አውጥተው የማይጠይቁ ብዙዎች መኖራቸውን ስለምናውቅ ነው። የጠያቂዎቹን ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። በ80 ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ፣ እናቴ እንደምትነግረኝ እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ ሥጋ ወደሙ እየተቀበልሁ አድጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልቀረብሁም። እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ፤ አጽዋማትንም እጾማለሁ። ይሁን እንጂ ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ እደነግጥና ቀስ ብዬ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ሥራዬ የእህልና የቅመማ ቅመም ንግድ ነው፤ አፌም እጄም ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሽም። ለመሆኑ ሰው መጀመሪያ ተቀድሶ ነው የሚቀርበው ወይስ ቀርቦ ነው የሚቀደሰው? ደግሞም ስላላገባሁ ጓደኞቼ «ቁርባን ለባለ ትዳርና ለሽማግሌ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ ሰንብቷል። የሰነበተው መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም እዚያው ዛፍ ሥር ብዙ ዓመት የቆምሁ ሰው በመሆኔ እንጂ። እሑድ ጠዋት በየትኛውም ደብር ግቢ የቆመ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። የመቁረቢያው ሰዓት ሲደርስ ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ፣ አረጋውያንም በምርኩዛቸው ተደግፈው ወደ ፊት ይቀርባሉ፤ በመካከል ያለው ትውልድ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ዳር ይቆማል። ሕፃኑ የሚቀርበው ኃጢአት ስለሌለበት፣ ሽማግሌው የሚቀርበው ደግሞ ኃጢአት ለመሥራት ጉልበት ስላጠረው ነው የሚል የሚመስል ሐሳብ፣ ማንም ሳያስተምረን ውስጣችን ገብቶ ተቀምጧል።

እርስዎን ያስደነገጠዎት የአዋጁ ግማሽ ነው። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲል የተቀደሰው ለተቀደሱት ይገባል ማለቱ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ አስፈሪም ነው። ነገር ግን ቅዳሴያችን በካህንና በሕዝብ መካከል በሚደረግ ምልልስ የሚሄድ ስለሆነ፣ ከዚህ ቃል በኋላ የሕዝቡ ተሰጥኦ፣ ማለት ሕዝቡ የሚመልሰው ቃል፣ አለ። ሕዝቡ «አዎን፣ ቅዱሳን ነን» ብሎ አይመልስም፤ «አይደለንምና እንውጣ»ም አይልም። የሚመልሰው «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ» ብሎ ነው። «ቅዱስ ማን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የሚመስለው ጉባኤ ጣቱን ወደ ራሱ ሳያመለክት፣ ቅዱስ አብ አንድ ነው፣ ቅዱስ ወልድ አንድ ነው፣ ቅዱስ መንፈስም አንድ ነው ብሎ ይመሰክራል። ካህኑም ዲያቆኑም እርስዎም የሚቀድሳችሁ ከእርሱ የሚመጣ ቅድስና እንጂ ከቤታችሁ ይዛችሁት የመጣችሁት ስንቅ አይደለም። እርስዎ ወደ ዛፉ የሚሄዱት ታዲያ ልክ ይህ መልስ በሚሰጥበት ደቂቃ ነው፤ ጥያቄውን ሰምተው መልሱን ሳይሰሙ ይወጣሉ።

ከዚያም በፊት በሰላምታው ጸሎት ጊዜ ሕዝቡ «ክርስቶስ አምላክነ ረስየነ ድልዋነ» ይላል። አምላካችን ክርስቶስ ሆይ፣ የተገባን አድርገን ማለት ነው። ብቁ መሆን የሚለመን ነገር ባይሆን ኖሮ ይህ ልመና በቅዳሴው ውስጥ ምን ይሠራል?

«ቅዱስ» የሚለው ቃል ራሱ ከምናስበው ሰፋ ይላል። በግእዝ «ቀደሰ» ማለት ለየ፣ አከበረ፣ አመሰገነ ማለት ነው፤ «ቅዳሴ» የሚለውም ስም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በመጀመሪያይቱ መልእክቱ መግቢያ ላይ ቅዱሳን ሊሆኑ የተጠሩ ይላቸዋል። እነዚሁ ሰዎች ግን፣ መልእክቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው ቢያነቡት፣ እርስ በርሳቸው በአሕዛብ ዳኛ ፊት የሚካሰሱ፣ በጌታ እራት ላይ አንዱ ሲራብ ሌላው የሚሰክር ነበሩ። ሐዋርያው ጥፋታቸውን አልሸፈነላቸውም፤ አምርሮ ገሥጿቸዋል። የተጠሩበትን ስም ግን አልነጠቃቸውም። ቅድስና በጥምቀትና በሜሮን የተቀበሉት፣ ነገር ግን ኖረው ሊደርሱበት የሚገባ ጥሪ ነውና። እርስዎ በ80 ቀንዎ ለእግዚአብሔር ተለይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዳይ በተለዩበት መኖር ነው።

በዚህ ላይ ነጋዴ መሆንዎ ጥያቄዎን ይበልጥ ወደ መሬት ያወርደዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እግዚአብሔር «እኔ እግዚአብሔር አምላካችሁ ቅዱስ ነኝና እናንተ ቅዱሳን ሁኑ» ብሎ ይጀምራል። አንባቢው ቀጥሎ የሚጠብቀው ስለ ዕጣንና ስለ መሥዋዕት ብቻ ከሆነ ይደነቃል፤ ምዕራፉ የእርሻህን ዳር ለድኻ ተውለት፣ የሞያተኛህን ደመወዝ አታሳድርበት፣ በደንቆሮው ላይ ክፉ አትናገር፣ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር እያለ ሄዶ ሄዶ ከሚዛን ላይ ይደርሳል። እውነተኛ ሚዛን፣ እውነተኛ መስፈሪያ ይኑራችሁ ይላል። እንግዲህ ጤፍ ሲሰፍሩ ሚዛኑ ላይ የሚያርፈው ጣት፣ በርበሬው ውስጥ የሚቀላቀለው የተፈጨ ሸክላ፣ ለተሸካሚው ልጅ «ነገ ና» እየተባለ የሚቆየው ሂሳብ የቅድስና ጉዳይ ነው። «እጄ ንጹሕ አይደለም» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ያ ነገር ከዛፍ ሥር በመቆም አይጠራም፤ በኑዛዜና በመመለስ እንጂ። በትርፍ ስም ያላግባብ የወሰዱት ካለ ባለቤቱን ፈልገው ይመልሱ፤ ባለቤቱ የማይገኝ ከሆነ ንስሐ አባትዎ ለድኻ የሚሰጥበትን መንገድ ያሳዩዎታል።

«ሳይገባው የሚበላ» የሚለው የሐዋርያው ማስጠንቀቂያ ብዙዎቻችንን ከደጅ ያስቀረ ቃል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው፦ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ራሱን ይፈትንና ይቅር አላለም። የመፈተኑ ዓላማ መቅረብ ነው። ጌታም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሥጋውን ካልበላን ደሙንም ካልጠጣን በራሳችን ሕይወት እንደሌለን ተናግሯል፤ እኛ ግን መቅረት ጥንቃቄ፣ መቅረብ ድፍረት መስሎን ይህን ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሳንሰማ እናልፈዋለን።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአንጾኪያ ሲሰብክ፣ መሥዋዕቱ በየዕለቱ ይቀርባል፣ የሚቀበል ግን የለም፣ በከንቱ ቆመናል ብሎ አዝኗል። «አልተገባሁም» ለሚለውም የሰጠው ምሳሌ በእኛ አገር ወግ የተነገረ ይመስላል፦ ለግብዣ ተጠርቶ እጁን ታጥቦ ማዕዱ ፊት ተቀምጦ ሳለ አልበላም የሚል ሰው ጠሪውን አያዋርደውምን? ውኃ እስኪፈስልን እጃችንን ዘርግተን፣ ሞሰቡ ሲከፈት ተነሥተን ብንሄድ ባለቤቱ ምን ይሰማዋል ማለቱ ነው። ይኸው አባት በሌላ ስብከቱ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚቀበለውንም ሁልጊዜ የሚቀበለውንም በቁጥሩ አላመሰገነም፤ ያመሰገነው በንጹሕ ሕሊና የሚቀርበውን ነው። ስለዚህ እርስዎን «በየሳምንቱ ይቁረቡ» ማለት የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ያንን የሚወስኑት ከንስሐ አባትዎ ጋር ነው።

አንድ ነገር ላውጋዎት። በልጅነቴ በተወለድሁበት ገጠር በዲቁና ሳገለግል፣ ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም ውስጥ ሌሊት ኅብስት እንጋግር፣ ዘቢብ አጥበንና ዘፍዝፈን እንጨምቅ ነበር። አንድ ሌሊት ዘቢቡን የመጭመቁ ተራ የማን ነው በሚል ከሌላው ዲያቆን ጋር ተጣላን። ጠቡ የልጅ ጠብ ነበር፤ ሁለታችንም ግን አኩርፈን ዝም አልን። አረጋዊው ካህን ወደ መቅደስ ልንገባ ስንል ፊታችንን አይተው ቆሙ። ለቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ በጠቅላላው አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ እኛ ከቀረን ቅዳሴው ይቀራል፤ ሕዝቡ ደግሞ በብርድ ቆሟል። «እናንተ አኩርፋችሁ ይህን ጽዋ አትይዙም» አሉን። እኔ «እንግዲያስ ይቅርብኝ፣ አልገባም» አልሁ፤ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ካህኑ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው «መቅረት ቀላል ነው፤ ታረቅና ግባ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለን ገባን። ጌታ በተራራው ስብከቱ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ ከወንድምህ ታረቅ ያለው፣ ቀጥሎም ተመልሰህ መጥተህ መባህን አቅርብ ማለቱን ያስተዋልሁት ያን ሌሊት ነው። ዛፍ ሥር የቆምንባቸው ዓመታት ሂዱ የሚለውን ይዘን መጥታችሁ የሚለውን የረሳንባቸው ናቸው።

ስለዚህ ከመቅረብና ከመቀደስ የቱ ይቀድማል ላሉት መልሱ፣ ንስሐ ይቀድማል፣ ቅድስናው ግን በመንገዱ ሁሉ አብሮዎት ይሄዳል የሚል ነው። ንስሐ አባት ከሌለዎት በሚያስቀድሱበት ደብር ካህን ቀርበው ይጠይቁ። ሳይሸፋፍኑ ይናዘዙ፤ የሚሰጥዎትን ቀኖና ይፈጽሙ፤ ሲፈቀድልዎት በታዘዘው መሠረት 18 ሰዓት ጾመው ይቅረቡ። የሚተዉት የኃጢአት ኑሮ ካለ ደግሞ ሳይተዉት መቅረብ አይገባም፤ ይህን በመሸፈን የማጽናናዎት አይምሰልዎ።

የጓደኞችዎ አባባል መሠረት የለውም። ሙሽሮች በተክሊልና በቁርባን ስለሚጋቡ «ቁርባን» የሚለው ቃል በሰው አፍ የጋብቻ ስም ወደ መሆን ተጠግቷል፤ ስሕተቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ያላገባ ሰው በንጽሕና እስከ ኖረ፣ የወደቀም ንስሐ እስከ ገባ ድረስ፣ ከማዕዱ የሚከለክለው ሕግ የለም። መነኮሳቱስ መቼ አግብተው ቆረቡ?

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የወንጌላውያን እምነት ተከታይና መልካም ሰው ነው። ዘወትር «ድነሃል?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ስለው «እንግዲያስ አልዳንህም» ይላል። «መዳን በጸጋ ነው፤ እናንተ ግን በጾምና በስግደት ለመዳን ትደክማላችሁ» ሲለኝ መልስ አጣለሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት ባልደረባህ የሚጠይቅህ ስለሚወድህ መሆኑን አትርሳ፤ ክርክሩን ለማሸነፍ ብለህ ወዳጅህን እንዳታጣ።

መልሱን ከራሳችን ቋንቋ እንጀምረው። በአማርኛ «ዳነ» የሚባለው ከሞት ያመለጠም ከበሽታ የተፈወሰም ነው። ከዚሁ ግንድ የወጣው «መድኃኒት» ሐኪም የሚሰጠን ነው፤ ጌታንም «መድኃኔ ዓለም» እንለዋለን። በታይፎይድ ሲቃትት የሰነበተ የቤት ልጅ ትኩሳቱ የለቀቀው ዕለት ቤተሰቡ «ዳነ፣ እግዚአብሔር ማረው» ይላል፤ ጎረቤትም «እንኳን ማረልህ» ሊል ይመጣል። ልጁ ግን ገና አልጋው ላይ ነው። አጥሚት በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ በወሩ ደጅ ይወጣል። «ድኗል ወይ?» ብትል አዎን፣ ድኗል። «እየዳነ ነው ወይ?» ብትልም አዎን። «ይድናል?» ብትል፣ ከአልጋው ዘሎ ወደ ብርዱ ካልወጣ፣ የታዘዘለትንም ካልተወ ይድናል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

መጽሐፍ ቅዱስም የሚናገረው በሦስቱም ጊዜ ነው። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 8 በተስፋ እንደ ዳንን ይናገራል። ለቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ የመስቀሉ ቃል «ለእኛ ለምንድን» የእግዚአብሔር ኃይል ነው ይላል። ተመልሶ በሮሜ 13 ካመንንበት ጊዜ ይልቅ መዳናችን ዛሬ ወደ እኛ እንደ ቀረበ ይጽፋል፤ የሚቀርብ ነገር ገና ያልደረሰ ነው። ጌታም እስከ መጨረሻ የሚጸና እርሱ ይድናል ብሏል። ስለዚህ ባልደረባህ «ድነሃል?» ሲልህ «አላውቅም» አትበለው፤ ያ መልስ ክርስቶስ ያደረገልህን የረሳ ያስመስልሃል። «ክርስቶስ በሞቱ አድኖኛል፤ በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀብሬ ተነሥቻለሁ፤ አሁንም እያዳነኝ ነው፤ እስከ መጨረሻ እንዲያጸናኝ እለምነዋለሁ» በለው።

ጸጋን በተመለከተ ከእኛ ጋር የሚያከራክረው ነገር የለም። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 2 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም» የሚለውን ቤተ ክርስቲያናችን ትቀበለዋለች። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ጾምና ስግደት የመዳን ዋጋ አይደሉም፤ ከላይ ባነሣነው ልጅ ብትመስላቸው ግድግዳ ይዞ የመቆሙ ልምምድ ናቸው። ልጁ በመቆሙ ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ትኩሳቱ ስለ ለቀቀው ይቆማል። ካልቆመ ደግሞ እግሩ ይሰንፋል። ሐዋርያው ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው ሲል፣ ሐዋርያው ጳውሎስም የራሳችሁን መዳን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ፈጽሙ ብሎ ወዲያው በእናንተ የሚሠራው እግዚአብሔር ነው ሲል ይህንኑ ነው የሚያስተምሩት።

«እምነት ብቻ ወይስ ሥራም» የሚለው ክርክር በዚህ መልኩ የተነሣው በምዕራቡ ዓለም ነው። በ1517 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተር የተቃወመው የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ደብዳቤ በገንዘብ የሚሸጥበትን ሥርዓት ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተሽጦ አያውቅም፤ ስለዚህ የሌላ ቤት ክስ መልስ የምንሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ስል ግን ባልደረባህ ያየው ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ከእኛ መካከል የጾመበትን ቀን እንደ ባንክ ደብተር እየቆጠረ እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ የሚያደርግ ሰው አለ። አንተ የሂሳብ ሰው ስለሆንህ ይህን ፈተና ከሌላው በተሻለ ታውቀው ይሆናል።

የእኛ አባቶች ስለ መዳን ሲናገሩ ይበልጥ የሚወዱት ሌላ ሥዕል ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላከው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን ሲያስተምር ሰውን በእድፍ በተበላሸ ሥዕል ይመስለዋል። ሥዕሉ የተሣለበት ሰሌዳ አይጣልም፤ መልኩ የተሣለው ባለቤት ራሱ ተመልሶ ይመጣና በዚያው ሰሌዳ ላይ መልኩ ይታደሳል። ጣራው ባፈሰሰ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተህ፣ የቅዱሳኑ ፊት በጭቃ ውኃ ተጨማልቆ፣ ዓይናቸው ብቻ ከግድግዳው ሲያይህ ገጥሞህ ከሆነ አትናቴዎስ ምን ማለቱ እንደሆነ ይገባሃል። እግዚአብሔር ግድግዳውን አላፈረሰም። በአርአያው የፈጠረው ወልድ ራሱ መጥቶ መልካችንን ያድሳል፤ መዳን ከቅጣት ማምለጥ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የምኖር የ61 ዓመት አባት ነኝ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቼ ቅዳሴው ረዘመ፣ ግእዙም አይገባንም እያሉ ይሰለቻሉ። ማሳጠር አይቻልም ወይ?

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎን የሚያሰለቻቸው ርዝመቱ ሳይሆን ተመልካች መሆናቸው ይመስለኛል፤ ከዚያ የሚረዝም ጨዋታ በቴሌቪዥን ቁጭ ብለው ያያሉና። ቅዳሴ ግማሹ የሕዝቡ ነው። መጀመሪያ አምስት ተሰጥኦ ብቻ ያስጠኗቸው፤ «ምስለ መንፈስከ»፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»፣ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» እና ከላይ ያነሣነውን «አሐዱ አብ ቅዱስ»። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል ልባችሁን ከፍ አድርጉ እያለ እንደሚጠራቸው የሚያውቅ ልጅ መልሱ በአፉ ዝግጁ ይሆናል። ዲያቆኑም «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ ሲል የሚናገረው ከእነርሱ ጋር መሆኑን ይንገሯቸው። 14ቱ ቅዳሴያት በግእዝና በአማርኛ ጎን ለጎን ታትመው ይገኛሉ፤ ዓርብ ማታ ቤት ውስጥ አንድ ገጽ እንግሊዝኛውን እየጨመሩ ቢያነቡላቸው መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ አባት ወንጌል ሲነበብ ደርሶ የማሰናበቻው «እትዉ በሰላም» ሳይባል የመኪናውን ቁልፍ የሚያወጣ ከሆነ ልጆቹ የሚማሩት ያንኑ ነው። እርስዎን ማለቴ አይደለም።

ጥያቄ፦ በሳዑዲ ዓረቢያ በቤት ሠራተኝነት የምኖር ታናሽ እኅታችሁ ነኝ። ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከቤትም ብቻዬን አልወጣም። በስልኬ የሚተላለፈውን ቅዳሴ ልብስ ስተኩስ እሰማለሁ። ይህ እንደ ማስቀደስ ይቆጠርልኛል? ወይስ ከቤተ ክርስቲያን ተለይቼ ጠፍቻለሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ አልጠፋሽም። ይህን አስቀድመሽ እንድትሰሚ ፈለግሁ።

ማስቀደስ ነው ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አይደለም። ቅዳሴ ማዕድ ነው፤ ማዕድ ደግሞ በሥጋ ተገኝተው የሚካፈሉት ነው፤ በስልክ የጠገበ የለም። ነገር ግን የእናቱ ቤት ማዕድ ሲነሣ የሚሰማና የሚናፍቅ ልጅ ከቤቱ የተቆረጠ አይደለም። ንቆ የቀረና ታግዶ የቀረ በእግዚአብሔር ፊት እኩል አይታዩም። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ መሥዋዕት ወደሚቀርብበት ቤተ መቅደስ ሊሄድ አይችልም ነበር፤ ቤተ መቅደሱም ፈርሶ ነበር። እርሱ ያደረገው በሰገነቱ ላይ በኢየሩሳሌም አንጻር የተከፈተውን መስኮት ፊት ለፊት ይዞ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ መጸለይ ነው። ያ መስኮት የአንበሳ ጉድጓድ አስከተለበት እንጂ ከንቱ አልሆነም።

ግብጻዊቷ ቅድስት ማርያምንም አስቢ። በበረሃ 47 ዓመት ስትኖር ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ አልነበረም። መነኩሴው አባ ዞሲማስ ሲያገኛት ግን የለመነችው አንድ ነገር በቀጣዩ ዓመት ሥጋ ወደሙን ይዞላት እንዲመጣ ነው። ያ ሁሉ ተጋድሎ ማዕዱን አላስናቃትም፤ ያ ሁሉ ዓመት መራቅም ከማዕዱ አልለያትም።

ስለዚህ ልብስ እየተኮስሽ ብትሰሚ አልነቅፍሽም። ቢሆንልሽ ግን «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ሲባል ካውያውን ለጥቂት ደቂቃ አቁመሽ ፊትሽን ወደ ምሥራቅ አዙሪ፤ ተሰጥኦውንም በለሆሳስ መልሺ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ብታደርሺ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ከዳዊትም አንድ መዝሙር ጨምሪበት። መጽሐፍ መያዙ የሚያስቸግርሽ ከሆነ በቃልሽ የምታውቂው አቡነ ዘበሰማያት አለ፤ እርሱን ማንም አይወስድብሽም። አሠሪዎችሽ በጾም ወራት የሚያበሉሽን መምረጥ የማትችዪ ከሆነ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ በስልክ አስረጂያቸው፤ እንደ አቅምሽ ያዝዙልሻል፤ አንቺ ብቻሽን ፈርደሽ ራስሽን አታስጨንቂ። አገርሽ የገባሽ ዕለት ደግሞ ከዘመድ ጥየቃው አስቀድመሽ ወደ እርሳቸው ሂጂ፤ የአራት ዓመቱን ሁሉ በአካል ቀርበሽ ትነግሪያቸዋለሽ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «በጸሎት አስቡኝ» ብለሽ የዓለም ስምሽን ጽፈሽልናል፤ የክርስትና ስምሽን ግን ረስተሽዋል። ካህናቱ በቅዳሴው የሚያስቡሽ በእርሱ ስለሆነ በሚቀጥለው መልእክትሽ ላኪልን።